ጢስ ዓባይ፦ መንደሯ፣ ፏፏቴዋና የውሃው ድርሻ

ከሚነርቫ ፓርክ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዓባይ ወንዝ የጎጃም ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት በፏፏቴዋ ነው። ባሕር ዳርን ጎብኝተን ያልደረስንባት እንኳ ብንኖር፣ በኪሳችን ያልያዝናት የለንም። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ከወፎቹ ጋር ታትሞ የነበረው ፏፏቴ የጢስ ዓባይ ነው። አንድ ብር በ2002 ዓ.ም. ወደ ሳንቲምነት ሲለወጥ ሥዕሉ ከእጃችን ወጣ። በዚያው ዓመት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመርቆ ከፏፏቴው ውሃ ትልቁ ድርሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ መፍሰስ ጀመረ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ውጤታቸው ግን ለጎብኚው ይመሳሰላል።

ይህ ጽሑፍ ስለ መንደሯ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ኃይል ማመንጫዎቹና ስለ ሐይቁ መታወቅ ያለባቸውን ነገሮች በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ የታሰበ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት የሚሄዱ አንባቢያን ከፏፏቴው ፊት ቆመው “ውሃው የታለ?” ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት እንዲኖራቸው ያህል ነው። ከዚህ በኋላ “ዓ.ም.” ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ቦታው

ቦታው ሁለት ስም አለው። አንዱ ጢስ ዓባይ ሲሆን ሌላው ጢስ እሳት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር፣ ይኸውም ውሃው ከገደሉ ሥር ሲፈጠፈጥ እንደ ጢስ ስለሚነሣው ጉም ነው። ወንዙ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ብዙ ቁልቁለት የሌለው፣ ደሴቶችና ቋጥኞች የበዙበት፣ ጉማሬ የሚታይበት ሰፊ ወንዝ ነው። በመንገዱ ላይ አንዳሳን የመሳሰሉ ገባሮች ይቀላቀሉታል። ጢስ ዓባይ ሲደርስ ጥንት ፈስሶ የረጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድንገት ይቆረጥና ወንዙ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወድቃል። ክረምቱ ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ በታች የሚጀምረው ዓባይ ሌላ ዓባይ ነው። ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ፣ ጎጃምን ከበጌምድር፣ ቀጥሎም ከወሎና ከሸዋ እየለየ፣ ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል።

የአካባቢው ገበሬ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ያመርታል። ወንዙ አጠገብ መሬት ያለው ደግሞ በሞተር ፓምፕ ውሃ እየሳበ ጫትና አትክልት ያለማል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዝርያ በመጠበቅና በማሻሻል ሥራው ይታወቃል። ፎገራ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ሲሆን ዛሬ የአገሪቱ ዋና የሩዝ አብቃይ አካባቢ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማስገር የታወቁ ናቸው። ከጢስ ዓባይ ነዋሪዎች ጥቂት የማይባሉት ከእርሻ ጎን ለጎን ከጎብኚ ገቢ ያገኛሉ። አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ የአንገት ልብስና ቅል የምትሸጠው ልጅ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ የፏፏቴው ጥገኛ ናቸው።

የሱስንዮስ ድልድይ

ከፏፏቴው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በጠበበበት ቋጥኝ ላይ፣ በተለምዶ “የፖርቱጋሎች ድልድይ” የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ያሠሩት አፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ ዘመኑም 1626 ነው። በአገራችን በኖራ ከተሠሩ የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በዘመኑ በኢትዮጵያ የነበረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው እዚያው አቅራቢያ፣ በአላታ ወንዝ አጠገብ ነው። ሥራውን የመራው ባለሙያ ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር። እንግዲህ ድልድዩን “የፖርቱጋሎች” ማለት ግማሽ እውነት ነው። ትእዛዙ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ጥበቡ ከሕንድ የመጣው ግንበኛ፣ ድንጋዩና ጉልበቱ የአገሩ ሰው ነው።

መሐንዲስ ሆኖ ለሚያየው ሰው ከዕድሜው ይልቅ የቦታው ምርጫ ይደንቃል። የዓባይ ሙላት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ መላው ወንዝ ወደ ጠባብ ስንጥቅ የሚገባበትን ቦታ ፈልጎ፣ መሠረቱን በቋጥኝ ላይ አሳርፎታል። ድልድዩ እስከ ዛሬ ቆሞ ሰውና ከብት የሚያሻግረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ከፋሲለደስ ዘመን ጋር የሚያያዝ ሌላ ድልድይ አለ። መካከሉ በጣልያን ወረራ ዘመን ስለተቆረጠ “ሰባራ ድልድይ” ይባላል። የጎጃምና የበጌምድር ገበሬዎች በተሰበረው ክፍል ላይ በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩ ነበር። የዚህ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጥቶ ያየው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ፣ በ2001 ለገጠር ሰው የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሟል። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ሠርቷል።

ስለ ፏፏቴው በውጭ ቋንቋ የጻፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ በቋጥኙ ሥር እንደተቀመጠ ጻፈ። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ ሎቦን በውሸታምነት ከሰሰው። ሁለቱን ማስታረቅ ያን ያህል አስቸጋሪ አይመስልም። ፏፏቴው በግንቦትና በመስከረም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በበጋ መጨረሻ መቅረብ የሚቻልበት ቋጥኝ በክረምት ማብቂያ አይታይም። ይህን ነጥብ እናስታውሰው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ከሕልም ወደ ተርባይን

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ ግድብ የመሥራት ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት፣ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጄ.ጂ. ዋይት የተባለውን የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጣናን እንዲያጠና አደረጉ። የጣልያን ወረራ ያንን ሐሳብ አቋረጠው። ከ1958 እስከ 1964 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ መላውን የዓባይ ተፋሰስ አጥንቶ ዝርዝር ዘገባ አቀረበ። ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመበት የድንበር አካባቢ ቦታም በዚያ ጥናት ከተጠቆሙት አንዱ ነው።

ጢስ ዓባይ ግን ትልቁን ጥናት አልጠበቀችም። በ1961 በባሕር ዳር ከጣልያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1964 ደግሞ ፋብሪካውንና ከተማውን የሚመግበው ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፏፏቴው በላይ ከወንዙ ጥቂት ውሃ በቦይ ይወሰዳል፣ በብረት ቱቦ ቁልቁል ይለቀቃል፣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። የሚወሰደው ውሃ ትንሽ ስለነበር ክረምት ላይ ፏፏቴውን ያየ ሰው ልዩነቱን አያስተውልም ነበር። የዛሬ የሃምሳና የስድሳ ዓመት ሰዎች የምናስታውሰው ፏፏቴ ይኸው ነው።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ በ1996 ከባሕር ዳር አጠገብ በሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቀልበሻ ግድብ ሁለት በሮች ተሠርተው ሥራ ጀመሩ፤ በ2001 ሌሎች አምስት ተጨመሩ። በዚህም ሐይቁ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ። የበጋው ፍሰት ከእንግዲህ በተፈጥሮ ሳይሆን በበሮቹ መከፈትና መዘጋት የሚወሰን ሆነ። ቀጥሎ በዚያው በ2001 ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ተከፈተ። አቅሙ 73 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን ከቀድሞው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። የውሃው አወዳደቅ ወደ 50 ሜትር ስለሆነ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰከንድ 150 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠጣል። ይህ ደግሞ ወንዙ ከሐይቁ ሲወጣ በአማካይ ከሚይዘው ውሃ ይበልጣል። ስለዚህ ማመንጫው ሲሠራ ፏፏቴው ይደርቃል ማለት ነው። ውሃው አልጠፋም፤ ከፏፏቴው ጎን በቱቦ ወርዶ ከታች ይገናኛል። ጎብኚው የሚያየው ግን እርጥብ ቋጥኝና ከዳር የምትንጠባጠብ አንዲት ዘለላ ብቻ ነው።

የ2003 ትምህርት

በ2002 እና በ2003 በአገሪቱ ብዙ ክፍል ዝናቡ አነሰ። ሌሎች ማመንጫዎች ውሃ ሲያጥራቸው ሸክሙ በጢስ ዓባይ ላይ ወደቀና ከጣና ብዙ ውሃ ተለቀቀ። በሰኔ 2003 የሐይቁ ከፍታ በልኬት ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ ወደ 1,784.4 ሜትር ወረደ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን ዘጠኝ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሐይቅ አንድ ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። መርከቦቹ ለወራት ከመልሕቃቸው አልተነሡም። ገበሬው ውሃው የለቀቀውን መሬት አረሰ። ደንገሉ በብዙ ሄክታር ተመነጠረ፤ ለዓሣው መራቢያ የሚሆነውና ለታንኳ የሚታጨደውም እርሱ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ጉዳዩ የፏፏቴ ውበት ብቻ አለመሆኑን ነው። በሐይቁ መውጫ ላይ የሚዞር አንድ በር በአንድ በኩል የወይጦውን ታንኳ፣ የደሴት ገዳማቱን መጓጓዣና የዓሣውን እንቁላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የጢስ ዓባይን አስጎብኚና ከጉሙ ሥር የሚበቅለውን ለምለም ዛፍ ይነካል። በርካታ ጥያቄዎች በአንድ ቁልፍ ላይ ተሰክተዋል።

በለስ

በግንቦት 2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የተለየ መንገድ ይከተላል። ውሃውን የሚወስደው ከዓባይ ሳይሆን ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ተፋሰስ ይጥለዋል። አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። የውሃው አወዳደቅ ከ300 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚሰጠው ጥቅም ከጢስ ዓባይ ጋር አይወዳደርም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 50 ሜትር ሲወድቅ፣ የማሽኑን ብክነት ቀንሰን፣ 0.12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። 310 ሜትር ሲወድቅ ግን 0.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያው ውሃ በበለስ በኩል ቢሄድ ስድስት እጥፍ መብራት ይገኝበታል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ በተጠማ አገር ውስጥ ይህን ያየ መሐንዲስ ሌላ ምርጫ ቢመርጥ ይገርማል። ስለዚህ ከ2010 ወዲህ ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ተጠባባቂ ሆኑ። ውሃው በበለስ ካመነጨ በኋላ ለስኳር ልማትና ለመስኖ ይውላል፤ የቀረውም በበለስ ወንዝ ወርዶ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። የሚገናኙትም መስከረም 9 ቀን 2025 በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። በፏፏቴው በኩል ሄደም በዋሻው በኩል ሄደ፣ የጣና ውሃ መጨረሻው እዚያው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ በክርክር ውስጥ ይረሳል። ለፏፏቴው የሚለቀቅ ውሃ “የባከነ” ውሃ አይደለም። የሚቀርብን በበለስ የሚያገኘው ኃይልና መስኖው ብቻ ነው፤ በሕዳሴው ግድብ የሚያመነጨውን ግን ያመነጫል።

ለፏፏቴው ስንት ይበቃል?

በጣና መውጫ የዓባይ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት ወደ 3,900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። የበለስ ማመንጫ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ፣ በዓመት 2,400 ሚሊዮን ገደማ እንዲወስድ ነው የታቀደው። የቀረው 1,500 ሚሊዮን ነው። በ2009 የታተመ የውሃ ባለሙያዎች ጥናት ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ ተፈጥሯዊ ሕይወቱን እንዲጠብቅ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከአማካዩ 22 በመቶ ያስፈልገዋል ሲል ገምቷል። ይህ በወረቀት ላይ ይበቃል።

ችግሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። የቀረው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ሐይቁ ሞልቶ በሚፈስበት በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በእነዚህ ወራት ጢስ ዓባይ ዛሬም በጥሩ የዝናብ ዓመት የቀድሞ ግርማዋን ታሳያለች። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ግን ሌላ ነው፤ ጎብኚ የሚበዛውም፣ ከውጭ የሚመጣው ዘመዳችን ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚገባውም ያኔ ነው። በሐቅ ለመናገር፣ ምንም ግድብ ባልነበረበት ዘመንም ፏፏቴው በግንቦት ቀጭን ነበር፤ ሎቦና ብሩስ የተጣሉበትን ልዩነት ያስታውሷል። የጠፋው የግንቦቱ ሳይሆን የታኅሣሡና የጥሩ ፏፏቴ ነው።

በዚህ ላይ ከሐይቁ በላይ ያለው ፍላጎትም እያደገ ነው። ከጣና ገባሮች ዋና ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። በግልገል ዓባይ ገባር በቆጋ ላይ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ ነው። በርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል። በ2011 ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ ሌላ ሸክም ጨምሯል። በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገብ ግን በር አይከፍትም።

የናያጋራ ልማድ

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ በምንኖርበት አገር አለ። ከኮሎምበስ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ሄደን እንግዶቻችንን የምናሳያቸው የናያጋራ ፏፏቴ እንደምናስበው በነጻ የሚፈስ ውሃ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ በ1950 በተዋዋሉት ውል መሠረት፣ በጉብኝት ወራት ቀን ቀን በፏፏቴው ላይ በሰከንድ ቢያንስ 100,000 ኪዩቢክ ፊት፣ ማለትም 2,830 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲፈስ ግዴታ አለ። ማታና በክረምቱ ቅዝቃዜ ወራት በግማሽ ይቀንሳል። የተረፈው በሁለቱም በኩል ወደ ተርባይን ይሄዳል። ሌሊት የተወሰደው ውሃ በማጠራቀሚያ ተይዞ በማግሥቱ ኃይል ይሰጣል። ቱሪስቱ ቀን ፏፏቴውን ያያል፤ ሁለቱ አገሮችም መብራታቸውን ያገኛሉ። ይህ የሆነው ተፈጥሮ ስላዳላቸው ሳይሆን የሰዓት ሰሌዳ ጽፈው ስለፈረሙ ነው።

የጢስ ዓባይን እንገምት። በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ለስምንት ሰዓት ቢለቀቅ 576,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በበለስ በኩል ቢሄድ ኖሮ 430 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጥ ነበር። የበለስ ማመንጫ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚያመነጨው ነው። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም የገናና የጥምቀት ሰሞን ብቻ ቢደረግ ዋጋው በዓመት ሲደመር ከበለስ ምርት በጣም ትንሹ ክፍል ነው። 20 ሜትር ኩብ የ400 ሜትሩን ገደል አይሸፍንም፤ ግን ዋናዎቹን ዘለላዎች ያስነሣል፣ ጉሙንም ይመልሳል። በሩ ያለው ከፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ስለሆነ ውሃው በሰከንድ አንድ ሜትር ቢጓዝ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በሩ የሚከፈተው ከዋዜማው ማታ መሆን አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ግንባታ ሳይሆን የተጻፈ መርሐ ግብርና የሚያስታውቅ ማስታወቂያ ነው።

የሚወስነው ማን ነው?

ይህ ጸሐፊ የሚኖርባት ሚነርቫ ፓርክ በኦሃዮ ሕግ “መንደር” ትባላለች። በኦሃዮ የራሱ አስተዳደር ኖሮት ነዋሪው 5,000 ያልሞላ ሥፍራ ሁሉ መንደር ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ በአብዛኛው በኮሎምበስ ከተማ የተከበበች ብትሆንም የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሰው በባቡር እየመጣ የሚዝናናባት መናፈሻ ነበረች፤ ስሟም ከዚያው የቀረ ነው። መናፈሻው ተዘግቶ መኖሪያ ከሆነች ከብዙ ዘመን በኋላም በመሬቷ ላይ የሚሠራውን ነገር በተመለከተ ነዋሪው ስብሰባ ገብቶ ይናገራል፤ የተናገረውም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

የጢስ ዓባይ ነዋሪ ከሚነርቫ ፓርክ ነዋሪ የሚለየው በአስተሳሰብ ሳይሆን በዚህ ነው። የኑሮው መሠረት የሆነው ውሃ የሚወሰነው እርሱ በሌለበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ ባለ በርና አዲስ አበባ ባለ የኃይል ማከፋፈያ ሰሌዳ ነው። “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የሚለው ብሂል ለዚህ የሚስማማ ይመስላል። ጥያቄው በለስ ይዘጋ አይደለም። የአገር መብራት ለጥቂት አስጎብኚዎች ሲባል ይጥፋ የሚልም የለም። ጥያቄው የመንደሯ ድርሻ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ፣ በየትኛው ወርና ሰዓት እንደሚሰጥ በግልጽ ይታወቅ የሚል ነው። ድርሻው የታወቀ ከሆነ አስጎብኚውም ለእንግዳው እውነቱን ይነግረዋል፤ እንግዳውም ሳይታለል ይመጣል።

ለሚሄዱ አንባቢያን

ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይሂድ። ዝናቡ ያዳልጣል፣ ጭቃውም አለ፤ ጫማ ታስቦ ይወሰድ። የተለመደው ጉዞ ከከተማዋ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ የሱስንዮስን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ማየት ነው። ከዚያ የአላታን ወንዝ በተንጠልጣዩ የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው ሥር መቅረብ ይቻላል። ሲመለሱ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገርም አለ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት የቤዛዊት ኮረብታ ወንዙ ከሐይቁ ተለይቶ ሲሄድ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በግንቦት 2024 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም እዚያው ነው።

ሆኖም ከውሃው በፊት የሚታሰብ ነገር አለ። በ2020 ወረርሽኙ፣ ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት እንግዳውን አርቀውታል። የጢስ ዓባይ አስጎብኚና ጀልባ ቀዛፊ በእነዚህ ዓመታት ያጡት ገቢ ከየትኛውም በር መዘጋት የበለጠ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ። ስትደርሱም አስጎብኚ ቅጠሩ፤ መንገዱን ብታውቁት እንኳ። በበጋ ደርሳችሁ ፏፏቴው ከቀጠነ ለልጆቻችሁ ቋጥኙን ብቻ አሳይታችሁ አትመለሱ። ከጎን ያሉትን ቱቦዎች፣ የማመንጫዎቹን ቤቶች፣ አራት መቶ ዓመት የቆመውን ድልድይ አሳዩአቸው። ውሃው የት እንደሄደና ማን እንደወሰነው አብራሩላቸው። ለጥያቄያቸው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሰላሙን ያምጣልን። ቸር እንሰንብት።